የአማቴ የቸርኬ ስጦታ

እኛ ዕቃ መጣል አንችልም። የተሰነጠቀ ጀሪካን ችግኝ ይተከልበታል፣ መዝጊያው የወለቀ ፍሪጅ ቁምሳጥን ይሆናል፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር ደግሞ «ለሰው ይሆናል» ተብሎ ይቀመጣል። እስቲ ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ። ለእኛ ያልሆነው ለሰው የሚሆነው፣ ሰውዬው ከእኛ በምን ቢያንስ ነው? ይህን ስጠይቅ ቤተሰቡ ሁሉ ነገረኛ ይለኛል። ልሁና።

አማቴ ኦቦ ገመቹ ቡራዩ ውስጥ ድንጋይ የሚያመላልሱበት፣ አፍንጫው የወጣ አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና አላቸው። ከልጆቻቸው ቢያስበልጡት እንጂ አያሳንሱትም። ችግሩ ቸርኬው ነው። የድሮ ቸርኬ ጎማውን የሚይዘው በዳር በሚገባ የብረት ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ከዛገ ደግሞ ጎማው ንፋስ ሲሞላ ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ፊቱ የተገኘውን አይምርም። የሰፈራችን ጎሚስታ ደስታ፣ ከወላይታ መጥቶ እዚሁ ወልዶ የከበደ ሰው፣ ሙያውን ያስተማረውን ሰው የቀበረው በዚሁ ቀለበት ምክንያት ነው። አማቴ ጎማ ባመጡ ቁጥር ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ጎረቤት ትገባለች።

«አባባ፣ ቸርኬው ይለወጥ» ስላቸው «እስከ ዛሬ ምን ሆነ? ዋቅኒ ጂራ» ይሉኛል። እግዜርማ አለ። እሳቸው ግን ንፋስ ሲሞላ የሚቆሙት ሁልጊዜ ከመንገዱ ማዶ ነው።

ስንት ወር ጨቅጭቄ፣ ባለቤቴንም አሰልፌ፣ በመጨረሻ እሺ አሉ። ቀለበት የሌለው፣ ወጥ የሆነ፣ ቀዳዳው ከመኪናው ቡሎን ጋር የሚገጥም አዲስ ቸርኬ ፈልገን ከነጎማው አመጣን፤ ደስታም ገጠመው። ሰፈሩ ወጥቶ «ሽማግሌ በስኒከር» እያለ ሳቀ። አማቴ ተኩራርተው በመኪናቸው ሰበታ ድረስ ደርሰው መጡ። እኔም ተገላገልን ብዬ ተኛሁ። ሞኝ ነኝ።

ትንሽ ቆይቶ ደስታን ታክሲ ተራ አገኘሁት። የመሣሪያ ሻንጣውን ይዟል።

«ወዴት ነው?»

«ሱሉልታ። ኦቦ ገመቹ የድሮዎቹን ቸርኬዎች ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተውታል፣ ገለባ የሚጭንበት መኪና ላይ ሊያስገጥማቸው ነው። እዚያ ያሉት ጎሚስታዎች ባለ ቀለበት አንነካም ስላሉ እኔን ላኩኝ።»

«እምቢ አትልም እንዴ?»

«ምን ብዬ? ትልቅ ሰው ናቸው። ደግሞ ቤቱንም ያከራዩኝ እሳቸው ናቸው።»

ደሜ ፈላ። ለዚህ ሰው ነፍስ ብለን ያወለቅነውን ብረት፣ ይኸው እሱኑ አሳፍረን ልናስሞላው! አማቴ ጋ ስደውል በእርጋታ «ታዲያ ደህና ብረት ይጣላል? ለዘመድ መስጠት ጽድቅ ነው፣ አንተን ምን አናደደህ?» አሉኝ። ጽድቁ የእሳቸው፣ ሬሳው የደስታ።

አብሬው ተሳፈርኩ። ሱሉልታ ስንደርስ ቸርኬዎቹ ግቢ ውስጥ ተደርድረዋል። የወንድማቸው ልጅ ምሳ ካልበላችሁ እያለ ሲለማመጠን እኔ ጋሪ ጠርቼ ቸርኬዎቹን አስጫንኩ፣ ብየዳ ቤት ወሰድኩና ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በጋዝ አስቆረጥኳቸው። የሰው ንብረት ማበላሸት መሆኑን አውቃለሁ። አልጸጸትም።

ኦቦ ገመቹ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይሉኝም። በዓል ሲመጣ የሚደውሉት ለባለቤቴ ብቻ ነው። ደስታ ግን መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር የያዘውን ብረት መሬት ያስቀምጥና ይጨብጠኛል። በሁለት እጁ።