ጨፍኜ የማጅበው ዝማሬ

[የመዘምራን መለማመጃ ክፍል። መዘምራኑ የአዲስ ዝማሬ ዜማ አጥንተው፣ ወንድና ሴት ተለይተው ቆመዋል። የኅብረቱ ሰብሳቢ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ባለ ኪቦርዱና የእህቱ ባል አቀናባሪው በሹክሹክታ ይጨቃጨቃሉ።]

ባለ ኪቦርድ፦ ጨፍኜ እመታዋለሁ አልኩህ!

አቀናባሪ፦ ኧረ ግለጥ፣ ሰው ያይሃል።

ባለ ኪቦርድ፦ ይየኝ! ያንተን ቅንብር ለማጀብ ዓይን ምን ያደርጋል? ሁሉም ካንድ ሻጋታ የወጣ! ለእትዬ ሰብሳቢም ነግሬአቸዋለሁ፤ ዛሬም እንደ ወትሮው ከሆነ የአቀናባሪነት ወንበርህን ለእኔ ሊሰጡኝ ነው።

አቀናባሪ፦ ወንበሬን? እህትህን ምን ልበላት?

ባለ ኪቦርድ፦ ወንድምሽ ዕድገት አገኘ በላት።

አቀናባሪ፦ እሺ። ግን ስለዚህ ዝማሬ አንድ ነገር ልንገርህ...

ባለ ኪቦርድ፦ እንዳትነግረኝ! ከነገርከኝማ ምኑን ገመትኩት? [ጨፍኖ መምታት ይጀምራል።] ይኸው መግቢያው። ኪቦርድ ብቻ፣ ዝግ ብሎ፣ ሆድ የሚያባባ።

አቀናባሪ፦ እውነትም ያባባል።

ባለ ኪቦርድ፦ አሁን ሴቶቹ። [በአገጩ ይጠቁማል፤ ሴቶቹ ይገባሉ።] አላልኩም?

አቀናባሪ፦ አንተ እኮ ነህ የጠቆምካቸው።

ባለ ኪቦርድ፦ ባልጠቁማቸውስ ሊቀሩ ነው? ወንዶቹ ደግሞ ያንኑ ይደግማሉ። [ወደ ወንዶቹ ራሱን ይነቀንቃል፤ ይደግማሉ።] ወይ ጉድ! አንድ ቀን እንኳ ሰው አታስደነግጥም?

አቀናባሪ፦ እኔስ ደንግጫለሁ። ስማኝ እስቲ፣ ይሄ ዝማሬ እኮ...

ባለ ኪቦርድ፦ ዝም በል፣ አሁን ነው ጸጥታው! [እጁን ያነሳል፤ ክፍሉ ጸጥ ይላል።] ከዚያስ? ድምፁ አንድ እርከን ከፍ! [አንዲት ቁልፍ ይጫናል፤ መዘምራኑ አንገታቸውን አስግገው ይከተሉታል።] ጭብጨባ! አዝማቹ ሦስቴ! የመጨረሻዋ ቃል ትጎተት፣ ትጎተት... አበቃ! [ወደ ሰብሳቢዋ ይዞራል።] እትዬ ሰብሳቢ፣ ሰሙልኝ? አንዲት አልሳትኩም! ሰውየው ስንት ዘመን ሙሉ የሚያመጣልን አንዱኑ ነው።

[ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው አቀናባሪውን ያዩታል። አቀናባሪው እየፈራ ይነሣል።]

አቀናባሪ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። ይሄን ዝማሬ ገና አላቀናበርኩትም። ዛሬ የመጣሁት ዜማውን ልሰማ ብቻ ነበር።

ባለ ኪቦርድ፦ [ዓይኑን ይገልጣል።] እንዴት አላቀናበርከውም? ታዲያ ይሄ ሁሉ የማን ነው?

አቀናባሪ፦ ያንተ ነዋ! በል ና ተቀመጥ፤ ወንበሩ ላይ ሰው መቀየሩን ማንም አይነቃብህም።