የሰይድ ብስክሌትና ውሻው

የእንግሊዝኛ የቃል ፈተና መልስ የሚሸመድድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱ ነኝ። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያስጠናን አስተማሪ ስለ ብስክሌት ከተጠየቅን የምንመልሰውን ለሁላችንም አንድ አድርጎ አስሸምድዶናል፦ «በየጠዋቱ ከውሻዬ ጋር መናፈሻ ውስጥ እነዳለሁ።» በደሴ ዳገት ብስክሌት የሚነዳው ማን ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ መልስ መልስ ነው።

ፈተናው ኮምቦልቻ ነበር። ከመካከላችን ብስክሌት ያለው የፋብሪካ ሠራተኛው ሰይድ ብቻ ነው። ለዓመታት ሥራ ተመላልሶባታል፤ የዚያን ዕለትም የመጣው በእሷው ነው። ካለፈ ከማሽኑ ተነስቶ ቢሮ ሊገባ ነው። የሱሪውን እግር ካልሲው ውስጥ እንደጠቀጠቀ ፈተናው ክፍል ገባ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ሰማሁት። ስለ ብስክሌት ተጠየቀ። መናፈሻውንም ውሻውንም አንድ ቃል ሳይስት ተወጣው።

«የውሻህ ስም ማን ነው?» አሉት ፈታኙ።

ውሻ ከነካው ልብሱን ሰባት ጊዜ የሚያጥበው ሰይድ የውሻ ስም ከየት ያምጣ? ፈተናው እዚያው ላይ አበቃ።

ሲወጣ «ምነው ሰይድ፣ የራስህን ብስክሌት ብትነግራቸው?» አልኩት።

ብስክሌቱን ያሰረበትን ሰንሰለት እየፈታ ቀና ብሎ አየኝ።

«ወላሂ፣ የኔ ኑሮ መልስ ይሆናል ያለኝ ሰው የለም።»