ጋሽ አጥናፉና የሦስት ዓመቱ አንቀጽ

ሰው የማያነበውን ሁሉ የሚያነብ አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የቃሊቲው ጋሽ አጥናፉ ናቸው። ከመዝገብ ቤት ጡረታ ወጥተዋል፤ ሰፈሩ ከኋላቸው «ክቡር ዳኛ» ይላቸዋል። የእድሩ ደንብ ሲሻሻል፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ የት ትግባ በሚል ስብሰባውን ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት አቆይተውታል። የእህታቸው ልጅ የሠርግ አዳራሽ ሲከራይም «ዝናብ ቢጥል ኃላፊው ማን ነው?» እያሉ ሙሽራውን ላብ በላብ አድርገውታል።

ጎረቤታቸው ፌኔት ቀለም ፋብሪካ ስትቀጠር፣ ልትፈርመው የያዘችውን ውል በር ላይ አዩባት። «አነበብሽው?» አሏት።

«ጋሼ፣ ሰርቪስ ያመልጠኛል!» ብላ ሮጠች።

ስምንት ዓመት ቀለም በጠበጠች። የደንበኛን ግድግዳ አንዴ አይታ ቁርጥ ያንኑ ቀለም የምታወጣ ባለሙያ ሆነች። ዘንድሮ ሥራዋን ለቃ ኮዬ ፈጬ ላይ ትንሽ የቀለም ሱቅ ተከራየች። በሳምንቱ የፋብሪካው ደብዳቤ ደረሳት፦ በፈረመችው ውል መሠረት ለሦስት ዓመት፣ በየትኛውም ቦታ፣ በቀለም ሥራ መሰማራት አትችልም፤ እምቢ ካለች ትከሰሳለች። ሁለት ልጆች አሏት። ሌላ ሙያ አታውቅም።

እያፈረች የጋሽ አጥናፉን በር አንኳኳች። «ነግሬሽ ነበር» እስኪሏት ጠበቀች። እሳቸው ግን መነጽራቸውን ጠርገው ውሉን ሦስት ጊዜ አነበቡና «ጫማሽን አድርጊ፣ እንሄዳለን» አሏት።

የፋብሪካው የሰው ሀብት ኃላፊ ነቢዩ የሚባል ወጣት ነው። «አባቴ፣ ፈርማለች እኮ» አላቸው።

«ፈርማለች። የቀለም ቀመር ይዛ ወጥታለች?»

«አልወጣችም።»

«የደንበኛ ዝርዝርስ?»

«እሱንም አልወሰደችም።»

«እንግዲያው ይዛ የወጣችው ዓይኗን ነው። ዓይኗን አስረክባ ክሊራንስ ትውሰድ?»

ነቢዩ ሳቁን ዋጥ አደረገ። ጋሽ አጥናፉ ወንበራቸውን አስጠጉ። «ሦስት ዓመት፣ በየትኛውም ቦታ ማለት ሠርታ አትብላ ማለት ነው። መጀመሪያ ላንተ ላንብብልህ፤ ካልገባህ ፍርድ ቤት ለዳኛው አነብለታለሁ። ከአንቀጽ አንድ እንጀምር።»

አንቀጽ ሰባት ላይ ሲደርሱ ነቢዩ ሥራ አስኪያጁን ጠራ። ከቀትር በኋላ አዲስ ስምምነት ተጻፈ፦ ፌኔት ለስድስት ወር ፋብሪካው ባለበት ቃሊቲ ውስጥ አትሸጥም፤ በፋብሪካው ቀመርም አትጠቀምም። ኮዬ ፈጬ ላይ ግን ትሠራለች።

ሱቁ ተከፈተ። ጋሽ አጥናፉም ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እየመጡ በሩ አጠገብ ይቀመጡና የቀለም ቆርቆሮውን ጽሑፍ ለገዢው ሁሉ ያነቡለት ጀመር። «ግድግዳው መጀመሪያ ይድረቅ ይላል። ያንተ ደርቋል?» ገዢው ይጠራጠርና ባዶ እጁን ይመለሳል። ፌኔት ጥርሷን ትነክሳለች።

ባለፈው ቅዳሜ ሳይመጡ ቀሩ። ስልክ ብትደውል በጉንፋን በተዘጋ ድምፅ «ደህና ነኝ» አሏት። የዚያን ቀን ገዢውን የሚያጠራጥር ሰው ስላልነበረ ገበያው ደርቶ ዋለ። ፌኔት ግን ዘጠኝ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ገዢ በር ላይ ቆሞ እያያት ሱቋን ዘጋች፤ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዝታም በቃሊቲ ታክሲ ተሳፈረች።