ጋሽ አለባቸውና ያልተገኘው ሁለተኛ በረኛ

ጠርጣሪ ደጋፊ የሌለው ቡድን ቡድን አይባልም። ማሊያ ይኑረው፣ ኳስ ይኑረው፣ ዋንጫም ይደርድር፤ ሜዳ ዳር ቆሞ ዳኛውን፣ አሰልጣኙን፣ የገዛ በረኛውን፣ አንዳንዴም ኳሷን ራሷን በጎሪጥ የሚያይ አንድ ሰው ከጎደለው ገና አልተመሠረተም። ይህ ሰው አዲስ አበባ ስታዲየም ሚስማር ተራ ላይ ነበር። እኛ ኦስሎ ስንደርስም ቀድሞን ገብቶ ሲጠብቀን አገኘነው።

የኛው ክቡር ጋሽ አለባቸው ይባላሉ። ሃውገሩድ በሚባለው ሰፈር ካሉት ብሎኮች በአንዱ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ማዮርስቱን አካባቢ ቢሮ ሲያጸዱ ቆይተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ጡረታ አልወጣም ያለው ጥርጣሬያቸው ብቻ ነው። «ነገሩ ወዲህ ነው» ይላሉ፣ ወንበራቸውን ወደ ሰው እየሳቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ እያደረጉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሰምቶ ልቡ ሳይሸፍት ቤቱ የገባ የለም።

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር ይባላል። ጋሽ አለባቸው ግን ገንፎውን ትተው ስንጥሩን የሚበሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ብሎክ ውስጥ የገቡ ጊዜ ለዱግናድ ተጠሩ፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ግቢውን በነጻ የሚያጸዳበት ቀን ነው። ሰው ደመወዝ በሌለው ሥራ ላይ እየሳቀ ሲጠርግ ቢያዩ መጥረጊያቸውን ይዘው ቀኑን ሙሉ አንዲት ጥግ ብቻ ጠረጉ፤ ዓይናቸው ሰዉ ላይ ነበራ። ማታ ላይ ቋሊማ ሲታደል ገባቸው። ወሩ የሁዳዴ ጾም ነበር። «ነገሩ ወዲህ ነው፤ ለካ ሊያስገድፉን ኖሯል» አሉና ቋሊማውን በናፕኪን ጠቅልለው ለጎረቤታቸው ለአቶ ዑቕባይ ሰጡ። አቶ ዑቕባይ የአስመራ ሰው ናቸው፤ የጋሽ አለባቸው የልብ ወዳጅና የዘወትር ባላንጣ። እሳቸውም ጾመኛ ነበሩ፤ ያ ቋሊማ ስለምን ለእሳቸው እንደተሰጠ ሁለቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ቡድናችን የተማሪ ቡድን ነው። ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ የሚማሩ የሐበሻ ልጆች ፉሩሴት ሰፈር ሜዳ ላይ ይለማመዳሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌሎች የተማሪ ቡድኖች ጋር ይጋጠማሉ። የተማሪ ቡድን እንደ ቲባና፣ እንደ ከተማው ባቡር ነው፣ በየጣቢያው ሰው ይወርዳል። አንዱ ይመረቃል፣ አንዱ ለማስተርስ በርገን ይሄዳል፣ አንዱ ፍቅር ይይዘውና ስልክ ማንሳት ይተዋል። ስለዚህ ከልምምድ በኋላ የገበያ ማዕከሉ ካፌ ውስጥ የምንጨቃጨቀው ዓመቱን ሙሉ ስለ አንድ ነገር ነው፤ ለሚመጣው ዓመት ማን ቀረ፣ ቋሚው ቢጎዳ ማን ይገባል?

በዚህ ጉዳይ ጋሽ አለባቸው ዩኒቨርሲቲ ናቸው። በረኛው ኖኤል አዲስ ጓንት አድርጎ የመጣ ዕለት ስቶክሆልም ያለ ቡድን ሊወስደው እንደሆነ ነገሩን፤ ጓንቱን የገዛችለት እናቱ ነበረች። ሱፍያን ጉልበቴን አመመኝ ሲል ፈተና ሊያጠና እንደሆነ ደረሱበት። ፍቅር የሚባለው አማካይ ለማስተርስ በርገን ሲሄድ ደግሞ «እስቲ በርገን ኳስ ሜዳ የለም በሉኝ» አሉን። አለ፤ ምን እንበል? ከሁሉ በላይ ግን የሚያብከነክናቸው ሁለተኛ በረኛ አለመኖሩ ነው። አሰልጣኙ ሆን ብሎ እንደማይፈልግ ያምናሉ። ለምን እንደሆነ ለጊዜው አልደረሱበትም፤ ይደርሱበታል።

አሰልጣኙ እንዳሻው ነው። ቀን ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የሰው ሕፃናት ያጫውታል፣ ማታ ደግሞ ትልልቆቹን። ሰላማዊ ሰው ነው፤ በዚህች ምድር ላይ የሚፈራው አንድ ነገር ቢኖር «ነገሩ ወዲህ ነው» የምትለዋን ቃል ነው። እንግዲህ ባለፈው መስከረም ማብቂያ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከሰው ሁሉ መርጦ ክፉው ነገር በእሱ ላይ ወደቀ።

ሚስቱ ጌጤ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ የጋሽ አለባቸውም አገር እዚያው ነው። ማክሰኞ ማታ ከደብረ ብርሃን ተደወለላት። የጋሽ አለባቸው ታላቅ እህት አርፈዋል። እናታቸው በልጅነታቸው ሞተውባቸው ያሳደጓቸው እኚህ እህት ናቸው፤ እቴቴ ነው የሚሏቸው። በሰው ሁሉ ላይ ነገር የሚያገኙት ጋሽ አለባቸው በእቴቴ ላይ አንድም ቀን ጥርጣሬ አንስተው አያውቁም። ዘመዶቹ በስልክ እንዳይሰማ፣ እንደ ወጉ አርዱት ብለው አደራ ሰጡ።

መርዶ ደግሞ እንደ መልእክት አይወረወርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ባለ ኀዘኑ ቢወድቅ የሚይዘው ክንድ ቀርቦ ነው የሚነገረው። እንዳሻው ቤት ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ አቶ ዑቕባይም መጡ፣ እያለቀሱ። አንዱ ሽማግሌ ቅዳሜ ማለዳ ይሁን አሉ። እንዳሻው ቅዳሜ ሥራ የሚገባ ሰው ስላለ እሑድ ይሻላል አለ፤ ሁሉም ተስማሙ። እውነት ነው፣ ቅዳሜ ሥራ የሚገባ ሰው አለ። ቅዳሜ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታም አለ።

ያን ጨዋታ ከተሸነፍን ወይም ሳንቀርብ ከቀረን ወደ ታችኛው ምድብ እንወርዳለን። ወደ ታች የወረደ የተማሪ ቡድን ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ተጫዋች አያገኝም፣ ይበተናል። መርዶው ቅዳሜ ከተነገረ ከልጆቹ አንድም ሜዳ የሚገባ የለም። ዝናብ በረዶ ሳይሉ ከጎናቸው የቆሙላቸው ጋሽ አለባቸው ተቀምጠው እያለቀሱ እነሱ ኳስ ሊራገጡ? ነውር ነው። ያለን ደግሞ አሥራ አንድ ልጅና ጉልበቱን የሚያመው ሱፍያን ብቻ ነው። እንዳሻው ያን ሌሊት አልጋው ላይ ሲገላበጥ አደረ። እሑድ ያልኩት ለወጉ ነው ወይስ ለነጥቡ? ሰውን ሁሉ የሚጠረጥሩትን ሰውዬ ፈርቶ ራሱን መጠርጠር ጀመረ። አንድ ቀን ቢደርሱበትስ? የእህቴን ሞት ለኳስ ብለህ ደበቅከኝ ቢሉትስ?

ረቡዕ ካፌው ውስጥ እንደ ወትሮው ተሰበሰቡ። ሁሉም አውቋል፣ ከአንድ ሰው በቀር። ጋሽ አለባቸው ቡናቸውን እያማሰሉ ኖኤል ቢታመም በሩ ላይ ማን ሊቆም ነው፣ ሁለተኛ በረኛ የሌለው ቡድን በሩን ክፍት ትቶ የተኛ ቤት ነው ብለው ጀመሩ። በሌላው ቀን ቢሆን ካፌው ይታመስ ነበር። አቶ ዑቕባይ በኖርዌይኛ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ»፣ አይደለም ማለታቸው ነው፣ እያሉ ጠረጴዛ ይመቱ ነበር። አሁን ግን አቶ ዑቕባይ ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ ተክለው ዝም አሉ። ዝምታው ሲረዝም እንዳሻው ጨነቀው።

«ልክ ነዎት፣ ጋሼ» አለ።

ጋሽ አለባቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። የእያንዳንዱን ፊት ተራ በተራ አዩ። ይሄኔ ኖኤል መጣና ስልክዎ አፕዴት ያስፈልገዋል፣ ለጥቂት ቀን ልውሰደው አላቸው። የእቴቴ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሳይወጣ እንዲቀድም እንዳሻው ነበር የላከው። ጋሽ አለባቸው የስልካቸውን ካሜራ በቁስል ፕላስተር ሸፍነው የሚይዙ፣ ሰዓት ስንት ነው ሲባሉ እንኳ ስክሪኑን በመዳፋቸው ከልለው የሚያዩ ሰው ናቸው። ስልኩን አውጥተው ጥቂት ያዙት፤ ከዚያ ሰጡት። ቻርጀሩን ቤት መጥቶ እንዲወስድ ነገሩት። እንዳሻው በልቡ ተመስገን አለ።

ሐሙስ ጌጤ ምግብ ሠርታ ላከችላቸው። ምን ፈልጋ ነው ሳይሉ በሉና ሳህኑን አጥበው መለሱ። ዓርብ አቶ ዑቕባይ በሹክሹክታ ደወሉ። አለባቸው ከብሎኩ የስብሰባ አዳራሽ ወንበር እየተዋሰ ወደ ቤቱ ያስገባል፣ በሊፍት ሲመላለስ አይቼዋለሁ አሉ። እንዳሻው ስልኩን ዘግቶ አሰበ። የደጋፊ ስብሰባ ሊጠሩ ነው፤ እኔን ከአሰልጣኝነት ሊያወርዱ ነው። «ነገሩ ወዲህ ነው» አለ ጮክ ብሎ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ለራሱ። ጌጤ ዞር ብላ አየችው። ከአፉ መውጣቱን ሲሰማ እሱም ደነገጠ።

ቅዳሜ ጋሽ አለባቸው ሜዳ ዳር ቆሙ። ቢጫው የቡድን ሻርፕ አንገታቸው ላይ አልነበረም፤ ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ኖኤል በአጥቂ ተመትቶ ሲወድቅ «እያስመሰለ ነው» አላሉም። ጎል ሲገባብን ዳኛውን አልሰደቡም፤ ስናገባም ዝም። እኩል ለእኩል ወጣን፣ ነጥቡ በቃን፣ ተረፍን። ልጆቹ ሲጨፍሩ መጥተው የእንዳሻውን እጅ ጨበጡ፤ ይዘውት ቆዩ። «ደህና አደረጋችሁ» ብለው ወደ ቲባናው አዘገሙ። እንዳሻው ከኋላቸው እያያቸው ደስታው ሁሉ ጨው ሆነበት።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ሴቶቹ ተከትለው፣ ልጆቹ ከኋላ ሆነው ወደ ሃውገሩድ ሄዱ። እንዳሻው ደወሉን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘው። ጋሽ አለባቸው ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ሳሎናቸው መሃል ቆመዋል። ከአዳራሹ የተዋሷቸው ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ዙሪያውን ተደርድረዋል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ። «እቴቴ ናት፣ አይደል?»

አቶ ዑቕባይ ዘለው አቀፏቸው። ያን ጊዜ ጋሽ አለባቸው ሳምንቱን ሙሉ ያፈኑትን ለቀቁት፤ እንደ ልጅ፣ እናቴ እያሉ አለቀሱ። ቤቱ በሙሉ አብሯቸው አለቀሰ። ኖኤል ግድግዳው ላይ ተደግፎ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

ለቅሶው ጋብ ሲል እንዳሻው ጎናቸው ተቀመጠ። ከመቼ ጀምሮ እንዳወቁ ጠየቃቸው።

«ረቡዕ» አሉ። «ልክ ነዎት ያልከኝ ጊዜ። በዚህ አገር ስኖር ልክ ነህ ያለኝ ሰው የለም። ዑቕባይ ደግሞ ዝም አለ። ዑቕባይ ዝም የሚለው ሰው ሲሞት ነው።»

«ታዲያ ስልኩን ለምን ሰጡ?» አለ እንዳሻው።

«እንዳላይ ነዋ።»

እንዳሻው ከዚህ በላይ ሊሸከመው አልቻለም። ቅዳሜን ትቶ እሑድ ያለው ለጨዋታው ጭምር እንደሆነ፣ ይቅር እንዲሉት እየተንተባተበ ነገራቸው። ጋሽ አለባቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው እንደ ልማዳቸው ወንበራቸውን ወደ እሱ ሳቡ።

«ነገሩ ወዲህ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ብጠይቃችሁ ትነግሩኝ ነበር። ብትነግሩኝ ልጆቹ እዚህ ይቀመጣሉ። ማን ሊጫወት ነው? ተቀያሪ የለን።» ከዚያም ጨመሩ፣ «እቴቴ ብትሆን ልጆቹ ይጫወቱ ነው የምትል።»

እንዳሻው አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ከረቡዕ እስከ እሑድ ብቻቸውን፣ ስልክ እንኳ ሳይኖራቸው፣ ኀዘናቸውን ይዘው ወንበር ሲደረድሩ አሰባቸው። እሱ ደግሞ ሊያወርዱኝ ነው እያለ ነበር።

ጊዜው ሄደ፣ በረዶው ቀለጠ፣ ልምምድ ተጀመረ። ካፌው ውስጥ እንደገና ስለሚመጣው ዓመት ክርክር ተነሳ። ጋሽ አለባቸው ቡናቸውን እያማሰሉ ሁለተኛ በረኛ የግድ ያስፈልጋል አሉ። እንዳሻው ጠዋት ከኖኤል ጋር ያወራው ይህንኑ ነበር፤ ኖኤል በሰኔ ይመረቃል፣ ትሮንድሃይም ሥራ አግኝቷል። ጋሽ አለባቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ልክ ነበሩ። ሁሉም ይህን ያውቃል። ሰውዬውም ማንኪያቸውን ይዘው፣ ትንሽ ፊታቸው ጠቆር ብሎ፣ መልሱን ይጠብቃሉ።

«በጭራሽ፣ ጋሼ» አለ እንዳሻው። «እዚህ ላይ ፈጽሞ ተሳስተዋል።»

አቶ ዑቕባይም ጠረጴዛውን መትተው «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» አሉ። ጋሽ አለባቸው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አዩ፤ አገር ሰላም ነው፣ ሰው ሁሉ ደህና ነው። ትከሻቸው ወረደ፣ ወንበራቸውን ሳቡና መከራከር ጀመሩ።