አክስቴ ሂፕ ሆፕ ያየች ዕለት

ሐዘን ሲመጣ እንደ ጭፈራ ወዳጅ የሚቸገር ሰው የለም። ቁጡ ሰው ለቅሶ ቤትም ይቆጣል፤ «ሐዘን ነው፣ ተዉት» ይባልለታል። ወሬኛው ድንኳን ውስጥ ሲያወራ ይውላል፤ እንዲያውም «ሐዘንተኛውን አጫወተ» ተብሎ ይመሰገናል። ጨፋሪ ግን ትከሻውን የት ያስቀምጠው? ቤት ትቶት አይመጣ ነገር! «አርፎ አይቀመጥም?» ትሉ ይሆናል። አክስቴን ስለማታውቋት ነው።

አክስቴ ማንጠግቦሽ ከእብናት እስከ ሐሙሲት ባለ ሰርግ ሁሉ የማትቀር ሴት ናት። ሚኒባስ ውስጥ ሙዚቃ ከተከፈተ መኪናው ሳይነሳ ትከሻዋ ይነሳል። ባሏ አያ መልኬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እስክስታ ሲሞክር ድንች የሚኮተኩት የሚመስል የጉና ሰው ነበር። ይህንን ስለሚያውቅ አይጨፍርም፤ ዳር ቆሞ ያጨበጭብላታል። ትዳራቸው ይኸው ነበር፤ እሷ ትጨፍራለች፣ እሱ ያጨበጭባል። የተጣሉበትን ቀን አላስታውስም።

አያ መልኬ የሞተ ዕለት ሴቶቹ እንደ ወጉ ክብ ሠርተው፣ ደረታቸውን እየመቱ ሲያለቅሱ አክስቴ እጇን አጣጥፋ ቆመች። አንድ ጊዜ እንኳ ደረቷን አልመታችም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ዝም ባለች ሐዘንተኛ ላይ ግን ወሬ ይገባል። «ድሮም አትወደውም ነበር» ተባለ። እውነቱን የነገረችኝ ለብቻችን ስንሆን ነው።

«ደረት መምታት ምት አለው» አለችኝ። «ምት ካገኘ ደግሞ ትከሻዬ እሺ አይለኝም። ‹በባሏ ለቅሶ እስክስታ ወረደች› ከምባል ብዬ ቻልሁት።»

እንባዋም በዚያው ቀረ። ጥቁሯን ለብሳ ከቤት ሳትወጣ፣ እህል እየገፋች፣ ቀን በቀን ከሳች። ያላለቀሰችው ለቅሶ ውስጥ ውስጡን እየጨረሳት ነበር፤ እኔም እሷን አስከትለን እንዳንቀብር ፈራሁ።

ከባሕር ዳር የመጡ ወጣቶች በከተማችን አዳራሽ የሂፕ ሆፕ ቲያትር ያሳያሉ ሲባል፣ «ነይ፣ ሰው ታዪያለሽ» አልኋት።

«ሙት ዓመቱ ሳይደርስ? ከበሮ አለው?»

«የለውም።»

አልዋሸሁም። ከበሮ የለውም፤ ቁም ሳጥን የሚያህል ስፒከር ግን አለው።

ገብተን እንደተቀመጥን ዞር ብል ከኋላችን ጎረቤታችን ወይዘሮ ደብሬ ተሰይመዋል። ወይዘሮ ደብሬ በየለቅሶው ማን እንዳለቀሰና ማን እንዳስመሰለ ለይተው የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ «አትወደውም ነበር» የሚለውን ወሬ ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ወደ አክስቴ ጠጋ አልሁ።

ልጆቹ በእጃቸው ቆሙ፤ በጭንቅላታቸው ተሽከረከሩ። «ኧረ አንገቱን! የሰው ልጅ እኮ ነው!» ትላለች አክስቴ፤ ሁለት ትከሻዎቿን ግን ሊያመልጥ እንዳለ ጥጃ በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛለች። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ከዚያ በታሪኩ ውስጥ ካሉት ሁለት ጓደኛሞች አንዱ ሞተ። ሌላው ሬሳው አጠገብ ብቻውን ቆመ። ሙዚቃው ቀስ ብሎ ድም፣ ድም ሲል ልጁ በየምቱ ደረቱን ወደ ፊት እየሰበቀ ይመልሰዋል። እነሱ ይህንን ምን ብለው እንደሚጠሩት አላውቅም። ለአዳራሹ ሴቶች ግን ግልጽ ነበር፤ ልጁ ደረት እየመታ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሰው ብቻውን ሲያለቅስ ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው።

«ምነው፣ ልጁ አልቃሽ የለውም?» ብላ አክስቴ ብድግ አለች።

ጉድ ፈላ! ነጠላዋን ይዤ ልመልሳት ስል እጄ ላይ ትታው ሄደች። መድረኩ ላይ ወጥታ ደረቷን መታች። ትከሻዋም እንደፈራችው መጣ። አላቆመችውም።

«ስዘፍን አጨብጫቢ፣ ሲደክመኝ ተቀባይ፣
ብቻዬን ቀረሁኝ፣ መልኬ አታይም ወይ?»

እንባዋ ያን ጊዜ ወረደ። ያ ሁሉ ወር የት ተጠራቅሞ እንደነበር እንጃ። እኔም አለቀስሁ፤ ምን አሳፈረኝ? የሞተው ልጅ አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አያትና፣ መሞት እንደሚሻል ገብቶት መልሶ ጨፈነ።

ፍርዱን ለመስማት ወደ ወይዘሮ ደብሬ ዞርሁ። ወንበራቸው ባዶ ነው። መድረኩ ሥር ቆመው፣ «ወይ መልኬ! ወይ መልኬ!» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ፤ የአዳራሹ ሴቶችም ከኋላቸው ክብ ሠርተዋል።

ሁሉም ተረጋግቶ ሰው ሲበተን የቡድኑ አለቃ አክስቴን ፈልጎ መጣ፤ ዓይኑ ገና አልደረቀም።

«እማማ» አላት እጅ ነሥቶ፣ «እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም። ነገ ሐሙሲት ነው የምናሳየው። አብረውን ይምጡና ይህንኑ ይድገሙልን።»

አክስቴ ነጠላዋን ከእጄ ተቀብላ ፊቷን ጠረገች።

«አይ ልጄ» አለችው፤ «የሞተብኝ ባል አንድ ነው። እሱንም ዛሬ አለቀስሁት።»