ክዳን አንሺዋ

በየግቢው አንዲት ክዳን አንሺ አለች። የሌለችበት ግቢ ካለ ወይ ድስት አይጣድበትም፣ ወይ ክዳን አንሺዋ ለቅሶ ሄዳለች። ሌባ አትባልም፤ ሆዳምም አይደለችም። ከሰው ድስት የሚወጣላት አንድ ማንኪያ ቢሆን ነው። በሽታዋ ሌላ ነው፤ የተከደነ ነገር ስታይ እጇን ይበላታል። «እስቲ ልየው» ትላለች፣ ታየዋለች፤ ካየችው በኋላ ደግሞ አስተያየት አላት።

አማን ከተማ ውስጥ የዓለምዘርፍ በተከራየችበት ግቢ ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የያዙት ክብርት ወይዘሮ ማናልሞሽ ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽራቸው አልቻለም። ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ ነጠላቸውን አጣፍተው የአራቱን ጎረቤት ማድ ቤት እንደ ክፍለ ከተማ ይጎበኛሉ። ሽሮ እየፈላ ከሆነ ይወርድ ወይም ይቆይ የሚለውን ይወስናሉ። ጎመን ከሆነ ዕድሜውን ይናገራሉ።

ለቅሶ ቤት እንኳ አያርፉም። ደረታቸውን እየደቁ ይገቡና በዚያው ወደ ጓዳ ያልፋሉ። የትልቁን ድስት ክዳን ሲያነሡ እንባቸው ገና ጉንጫቸው ላይ ነው። «ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ጋሻዬን!... ማነሽ፣ የዚህ ምስር ቁሌት አልበሰለም።» ሽንኩርቱ ተጨምሮበት ይቁላላል፤ ለቅሶውም ካቆመበት ይቀጥላል።

በጎረቤታቸው በማርዋ ቤት እርዱ የእስላም ስለሆነ ሥጋ አይቀምሱም። ክዳኑን ግን ያነሣሉ። «ማሽተት አያስገድፍም» ይላሉ። ማርዋም ለምዳቸዋለች፤ «እትዬ፣ ሽታውንም ቢስሚላህ ብዬበታለሁ፤ በኋላ እንዳይሉኝ» እያለች ትስቅባቸዋለች። ከሁሉ የከፋው ግን የሌላዋ ጎረቤት የሰርካዲስ ነው። ሰርካዲስ ነጭ አንሶላ በሳሙና ስትቀቅል ክብርትነታቸው ደረሱ። ክዳኑን አነሡ። እንፋሎቱ ዓይናቸውን ስለጋረደው ማንኪያ ሰደዱ፤ ቀመሱ፤ ትንሽ አሰቡ። «ጨው በዝቶበታል» አሉ። ሰርካዲስ ይህን ወሬ ጀምራ አንድም ቀን ሳትስቅ ጨርሳው አታውቅም።

የዓለምዘርፍም ስቃለች፤ ነገሩ ወደ እሷ ድስት እስኪዞር ድረስ።

የዓለምዘርፍ የምትሠራው ቡና መረከቢያ ጣቢያ ነው። ጥቅምት ሲገባ እሸት ቡና ከየቀበሌው በመኪናና በፈረስ ይጎርፋል። ለቀማው ቀን ነው፤ ጭነቱ የሚመጣው ደግሞ ወደ ማታ። እሸት ቡና እንደ ብድር ነገ ና አይባልም፤ ካደረ ይበላሻል። ስለዚህ ሌላው ሰው እራቱን ሲያቀርብ እሷ ገና ሚዛን ላይ ናት። ባሏ በዛብህ ሾፌር ነው፤ አንድ ቀን ቴፒ፣ አንድ ቀን ጅማ ያድራል። ልጃቸው አቢጊያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እትዬ ማናልሞሽ ደጃፍ ተቀምጣ እናቷን ትጠብቃለች። እናት ስትደርስ ደግሞ ሥጋ ለመቀቀል ጊዜ የለም፤ ዳቦ በሻይ ይበላና ይተኛል።

በዛብህ ይህ አንገበገበውና አዲስ አበባ በሄደበት አንድ የኤሌክትሪክ ድስት ገዝቶ መጣ። ቀኑን ሙሉ በቀስታ የሚያበስል ነው። «ጠዋት ሁሉንም ጨምረሽ ትሄጃለሽ፤ ማታ በስሎ ይጠብቅሻል» አላት። ሻጩ አጥብቆ ያስጠነቀቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክዳኑ እንዳይነካ። በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ያመልጣል፣ ሥጋውም ጉዞውን እንደገና ይጀምራል።

በአማን ከተማ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ምን ዋጋ እንዳለው ሻጩ ከየት ይወቅ?

ማክሰኞ ጠዋት የዓለምዘርፍ የበሬ ሻኛ፣ ካሮትና ጎደሬ ከታትፋ፣ ኮረሪማና ጥምዝ ጨምራ፣ ድስቱን ሰክታ ወጣች። እትዬ ማናልሞሽ አዲሱን እንግዳ ዙሪያውን አዩት። አይንተከተክም፣ አይጮህም፣ እሳት የለውም። «ይቺ ደግሞ ሰነፏ ድስት ናት» ብለው ስም አወጡላት። ሰነፍ ሠራተኛ ደግሞ አለቃ ያስፈልገዋል። ቀኑን ሙሉ እየተመላለሱ «እስቲ ልየው» አሉ። ማታ የዓለምዘርፍ ስትገባ ሥጋው እንደ ጫማ ሶል ነበር፤ ጎደሬውማ ጥሬ ነው።

«ነግሬሽ ነበር፣ ዓለሜ» አሉ እትዬ በሐዘኔታ። «ስንት ጊዜ መጥቼ አየኋት፣ ፈቀቅ አትልም።»

ምን ይባላል? ዳቦ በሻይ ተበላ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በዚያው ማታ ግን የበዛብህ እናት ወይዘሮ አስካለች ከሚኖሩበት ከቱም ከተማ ደወሉ። ስልኩን ያነሣችው አቢጊያ ናት። «ምን በላሽ የእኔ እናት?» ቢሏት፣ ልጅ መቼ ይዋሻል፣ «ዛሬም ዳቦ በሻይ» አለቻቸው። «ዛሬም» ያለችው ነገር ቤቱን አፈረሰው።

አማትየው ድምፃቸውን አላነሡም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። «የዓለምዘርፍ፣ ሥራሽን ተዪ አልልሽም። ሐሙስ እመጣለሁ። ድስት የማይሸትበት ቤት ከሆነ ግን የልጄን ልጅ ይዣት እሄዳለሁ። ቱም ትምህርት ቤትም አለ፣ ወተትም አለ» ብለው ዘጉት። በዛብህ እናቱ ፊት «እሺ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም። የዓለምዘርፍ ያን ሌሊት የልጇን ትንፋሽ እያዳመጠች፣ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አደረች። ፈርታለች። እትዬ ማናልሞሽንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጠልታቸዋለች።

ሐሙስ ጠዋት ሁሉንም እንደገና ከታተፈች። ከዚያ የስንዴ ሊጥ አቡክታ፣ አረቄ የሚያወጡ ሴቶች የጋኑን አፍ እንደሚመርጉት የድስቱን ክዳን ዙሪያውን መረገችው። አሁንም ልቧ አላመነም፤ የማድ ቤቱን በር በጓጉንቸር ቆልፋ ቁልፉን ቦርሳዋ ከተተች። እትዬ ማናልሞሽ ደጃፋቸው ላይ ሆነው ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል ሰምተዋል። ፊታቸውን ወደ ውስጥ መለሱ።

ጣቢያው በጄኔሬተር ነው የሚሠራው፤ እዚያ የዋለ ሰው ከተማው ውስጥ መብራት ይኑር አይኑር አያውቅም። አመሻሹ ላይ አለቃዋን ለምና ቀደም ብላ ወጣች። አማቷን ከመናኸሪያ ተቀብላ፣ ዘንቢላቸውን ይዛ ባጃጅ ውስጥ ገቡ።

«ዛሬማ መብራቱ ጉድ ሠራን» አለ ባለባጃጁ ወደ ኋላ ሳይዞር። «ጠዋት ሄዶ አሁን ገና መምጣቱ ነው። ስልኬን እንኳን ቻርጅ ሳላደርግ!»

 የዓለምዘርፍ ሥጋው ታያት፤ በተመረገ ድስት ውስጥ፣ በተቆለፈ ማድ ቤት፣ ቀኑን ሙሉ ጥሬውን ሲሞቅና ሲበላሽ። ያን ሁሉ ቁልፍና ሊጥ የቆለፈችው በገዛ እራቷ ላይ ነበር። እትዬ ማናልሞሽ እንደ ልማዳቸው ገብተው ቢያዩት ኖሮ ቢያንስ ይደውሉላት ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ላብ አጠመቀሽ?» አሉ ወይዘሮ አስካለች።

«ሙቀቱ ነው፣ እማማ።»

የአማን ምሽት ዝናብ ሊጥል ዳር ዳር እያለ ነበር። ወይዘሮ አስካለች ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ግን የኮረሪማና የጥምዝ ሽታ አፍንጫቸውን ሞላው። የዓለምዘርፍ የማርዋ ቤት መሰላት። ቀጥሎ የሰርካዲስ። ሽታው ግን ይዟት የሄደው ወደ ራሷ ማድ ቤት ነው። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው። መያዣው ብረት ላይ ካሉት ምስማሮች አንዷ ብቻ ጠመም ብላለች። ከፍታ ገባች። ሰነፏ ድስት ቀይ መብራቷን አብርታ፣ ሞቃ፣ ክዳኗ እንደተመረገ ቁጭ ብላለች።

ጎንበስ ብላ አየችው። ጠዋት እሷ የመረገችው በነጭ የስንዴ ሊጥ ነበር። ይሄ ቢጫ ነው፤ የበቆሎ። በዚያ ግቢ የበቆሎ ዱቄት ከዓመት ዓመት የማይጠፋበት ቤት ደግሞ አንድ ነው፤ የእትዬ ማናልሞሽ። እዚያው ማድ ቤት ውስጥ ቆማ፣ አፏን በእጇ ይዛ፣ እንባዋ መጣ። እንዲህ ያለ እፎይታ ከወለደች ወዲህ አላየችም።

እራት ቀረበ። እትዬ ማናልሞሽ ሳይጠሩ የመጡት እንግዳ ለመጠየቅ ነው። ሥጋው ሲነካ ይፈርሳል። ጎደሬው መረቁን ጠጥቶ ቅቤ ሆኗል። አቢጊያ ሁለተኛ ተጨመረላት፣ እሱንም ጨረሰች፤ ከዚያ የአያቷን ጭን ተንተርሳ እዚያው ተኛች። ወይዘሮ አስካለች እየጎረሱ አንዴ ድስቱን፣ አንዴ ምራታቸውን ያያሉ።

«ይኼን ሁሉ ማሽኑ ብቻውን ነው ያበሰለው?»

የዓለምዘርፍ አፏን ከፈተች። 

«ብቻውን!» አሉ እትዬ ማናልሞሽ ቀድመው። «ጠዋት እሷ ጥዳው ሄደች፤ አበቃ። እኔ በበኩሌ ዛሬ ክዳኑን ዓይኔ አላየውም።»

ግቢው ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከክብርትነታቸው አፍ ወጥቶ አያውቅም። ማርዋ ብትሰማ ውሃ አምጡልኝ ባለች። ወይዘሮ አስካለች አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ለምራታቸው አጎረሷትና የተኛችውን ልጅ ፀጉር ደባበሱ።

«በሉ እንግዲህ፣ ልጅቷ ትቆይ። ሆዷ ሞልቷል» አሉ።

ሳህን ለማጠብ ሲወጡ የዓለምዘርፍ እትዬን ማድ ቤት ደጃፍ ላይ ያዘቻቸው።

«እትዬ፣ እንዴት ገቡ?»

«መብራት ሲሄድ ሰነፏ ድስትሽ ትዝ አለችኝ። በቀዳዳው አሸተትኩ፤ ምንም የለም። ድስት ሳይሸት ሲቀር ጤና አይደለም። ምስማሩን በቢላዋ ፈለቀቅሁት፣ ሥጋውን በእኔ ሸክላ ድስት ከሰል ላይ አዋልኩት። መብራት ሲመጣ መለስኩት። የምስማሩን ነገር ግን በዛብህ ያስተካክለው፤ መዶሻ አልሆነልኝም።»

«እኔ እኮ እርስዎን ፈርቼ ነው የቆለፍኩት።»

«ዐውቃለሁ። ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ።» ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ተቀይሜያለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን አቢጊያ የአያቷን ነገር አጫውታኛለች፤ ልጅቷ ወዲያ ከተወሰደች እኔስ ደጃፌ ላይ ማንን ላስቀምጥ?»

«ለእማማ እውነቱን ልንገራቸው?»

«ዝም በይ» አሉ የአማን ዋና ክዳን አንሺ። «ተከድኖ ይብሰል።»

በማግስቱ ወይዘሮ አስካለች ወደ ቱም ሊመለሱ ባጃጅ ላይ ወጡ። አቢጊያን ስመው ሲያበቁ ምራታቸውን በእጃቸው ጠሩና ወደ ጆሮዋ ተጠጉ።

«መብራት ጠፍቶም የሚያበስል ማሽን በዋዛ አይገኝም» አሉ። የሚያዩት ወደ ማድ ቤቱ አልነበረም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው የጠዋት ጉብኝታቸውን ወደ ጀመሩት ወደ እትዬ ማናልሞሽ ነበር። «ያዢያት። ዳግመኛ እንዳትቆልፊባት።»

የዓለምዘርፍ ጓጉንቸሩን አውልቃ ለመኪና ዕቃ ሳጥኑ መቆለፊያ እንዲሆነው ለበዛብህ ሰጠችው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ድስቱን ጥዳ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ሥራ ሄደች። ማታ ስትመለስ እንደተለመደው ክዳኑ ሲነሣ ሲወድቅ ውሏል፤ ጎደሬው ትንሽ ጥሬ ነበር። እትዬን ጠርተው አብረው በሉት።