የእማዬ ወገብ «ተመስገን» አያውቅም

በመጀመሪያ ስለ እጅ ጽሑፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህን የምጽፈው በእስክሪብቶ ነው፤ ፊደሎቼም ሰልፍ አይወዱም፣ አንዱ ከመስመር ወጥቶ፣ አንዱ ወርዶ ይቆማል። የትኛው ሀ የት እንደሚገባ አጣርቼ አላውቅም። አዳማ ስምንተኛ ክፍልን እንደ ምንም ጨርሼ ነው ወደ እናቴ የመጣሁት፤ ሎስ አንጀለስ ደግሞ የሀ ነገር አሳስቦት የሚጠይቀኝ አስተማሪ አላገኘሁም። ሶ፣ ስሕተት ስታገኙ የአየር ለውጥ ነው ብላችሁ እለፉት። ማውራቱንማ ጭራሽ አልችልበትም። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ወርዶ ጫማዬ ውስጥ ይደበቃል። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ለመሆኑ እኛ ሰዎች «እንዴት ናችሁ?» ስንባል እውነቱን ተናግረን እናውቃለን? እግሩ በጀሶ ታስሮ፣ በክራንች ቆሞ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የማይል አበሻ ካለ አሳዩኝ። ሐኪም ቤት የተኛ ሰው እንኳ መጀመሪያ ደህና ነኝ ይላል፤ ቀጥሎ የጠያቂውን ልጆች አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ ሕመሙ የሚነሳው ጠያቂው ልሂድ ብሎ ብድግ ሲል ነው። ጨዋነት ነው፣ አልነቅፍም። ብቻ የሥራ አጥ ድጎማ ቢሮ ሲደውል ይህ ጨዋነት ምን እንደሚያደርስ ልንገራችሁ።

እማዬ ዌስትውድ የሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ትንከባከብ ነበር። ስማቸው ሩት ነው። እማዬ ግን ትልቅ ሰው በስሙ ብቻ መጥራት ነውር ሆኖባት «እትዬ ሩት» ትላቸዋለች። ሴትዮዋም ትርጉሙ ሲነገራቸው በጣም ወደውት፣ ሐኪማቸውም እንደዚያ እንዲጠራቸው አዘዋል አሉ።

እትዬ ሩት በራሳቸው አይነሱም። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ፣ የሚያነሳቸው የእማዬ ወገብ ነው። ወገብ ደግሞ ይሉኝታ የለውም፤ ሲደክመው ይናገራል። ማታ በባስ ተንገላታ ስትመጣ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። «እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?» ስላት «ኧረ ምንም! ትንሽ ቆንጠጥ አደረገኝ እንጂ» ትላለች። ቆንጠጥ ያደረጋት ነገር እየዋለ እያደረ ጫማዋን ማሰር ከለከላት። ጠዋት ጠዋት ተንበርክኬ የማስርላት እኔ ሆንኩ። እግሯን እየሰጠችኝ «እኔ ነበርኩ ላንቺ ማሰር የነበረብኝ» ትለኛለች። ጫማ በሚታሰርልኝ ዕድሜዬ እሷ እዚህ፣ እኔ አዳማ አክስቴ ጋ ነበርን። እንደዚያ ስትል ክሩን ከሚገባው በላይ አጠብቀዋለሁ።

በመጨረሻ ሐኪሙ ሰው እንዳታነሳ ብሎ ጻፈላት። ካላረፈች አንድ ቀን እሷም በሰው እጅ የምትነሳ እንደምትሆን ነገራት። የቀጠራትን ኤጀንሲ ሰው የማይነሳበት ሥራ ስጡኝ ብላ ጠየቀች፤ የለም አሏት። ሥራውን ተወችና ለድጎማ አመለከተች። ድጎማው ካልተፈቀደ ኪራይ ማን ይከፍላል? ወደዚያው ማንሳት መመለስ ነው። ነገሩ ይህን ያህል ከባድ ነበር።

ቢሮው የደወለ ቀን እማዬ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች። ለስልክ! መስመሩ ላይ አንዲት አሜሪካዊት ጠያቂና አንዲት አማርኛ አስተርጓሚ አሉ። አስተርጓሚዋ ገና ሰላም ስትል እማዬ «ተባረኪ ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት። የሰማችውን ሁሉ መተርጎም ግዴታዋ ነውና ምስኪኗ «የማን ልጅ እንደሆንኩ እየጠየቁኝ ነው» ብላ ተረጎመች። ጠያቂዋ የእማዬን ስምና አድራሻ ወደ መጠየቅ አለፈች። ምን ታድርግ?

ከዚያ ዋናው መጣ። ጤናሽ እንዴት ነው? «እግዚአብሔር ይመስገን! በጣም ደህና ነኝ። እናንተስ? ቤተሰብ ሁሉ ሰላም?» ታዲያ ሥራሽን ለምን ተውሽ? «ወገቤን ትንሽ ቆንጠጥ አድርጎኝ።» ቀለል ያለ ሥራ ጠይቀሽ ከልክለውሽ ነበር? እኔ ከጎኗ ቆሜ «አዎ በይ» እያልኩ በጭንቅላቴ ምልክት እሰጣለሁ። እሷ ግን «ኧረ እነሱ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ክፉ አልናገርባቸውም» አለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ባኮርፋት «ምን ላድርግ? የበላሁበትን ወጪት ልስበር?» አለችኝ።

መልሱ መጣ፦ ያለ በቂ ምክንያት ሥራ ለቀሻልና አይገባሽም። እውነት ለመናገር አልፈረድኩባቸውም። ጤነኛ ነኝ፣ ቀጣሪዬም ጥሩ ነው የሚል ሰው ሥራ የሚለቀው ለመንጠባረር ካልሆነ ለምንድን ነው?

የአበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ሁሉ የሚሄደው ጋሼ ታደሰ ጋ ነው። ጡረታ የወጡ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ናቸው፤ እዚያ አንዱ ግሮሰሪ በር ላይ ያለችው ወንበር ቢሯቸው ናት። የእማዬን ጉዳይ እስከ መጨረሻው ሰሙና «ስሚ ዘነበች፣ አንቺ ክሌይም ያደረግሽው ለድጎማ ነው ወይስ ለገነት?» አሏት። «ኦኬ፣ አፒል፣ ይግባኝ ማለቴ ነው፣ እናደርጋለን። ጃጅ ፊት ግን እንዲህ ዓይነት ትሕትና አይሠራም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም! ደግሞ አስተውዪ፤ ያንን ሥራ ለመተው የታመምሽ፣ ሌላ ሥራ ለመሥራት ግን የምትችዪ መሆን አለብሽ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ!»

«ይኼማ ምን ይከብዳል፣ ሁልጊዜም እንደዚያ ነኝ» አለች እማዬ።

ልምምድ ተጀመረ። ጋሼ ታደሰ ዳኛ ሆነው ኮታቸውን ቆለፉ። «ጤናሽ እንዴት ነው?» «ተመስገን ጋሼ፣ እርስዎስ?» «ዳኛ ነኝ አልኩሽ እኮ!» «እሺ፣ ክቡር ዳኛ፣ እርስዎስ?» ጋሼ ታደሰ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ያመኛል በይ፣ ልጄ። ያ-መ-ኛል። ቃሉ አያስነውርም!» እማዬ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሳቀች እንጂ አልወጣላትም። መሸና ጋሼ ታደሰ ግድግዳ ይዘው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ተነሱ። «ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ?» አለቻቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድሮ ለቆኛል!» ብለው እያነከሱ ሄዱ። አሠልጣኛችን እንግዲህ እሳቸው ናቸው።

ችሎቱም በስልክ ነበር። ዳኛው ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ አስተርጓሚው በዚህኛው ወንድ ነው። ጤናሽ እንዴት ነው? ሲላት እማዬ «እግዚ» ብላ ጀመረችና እኔን አይታ ዋጠችው። «ያመኛል» አለች፣ የሰው ዕቃ እንደወሰደ ሰው በሹክሹክታ። ምን ያህል? «ትንሽ።» ዓይኔን ጨፈንኩ። አለቀልን አልኩ።

ዳኛው ግን አልቸኮለም። የመጨረሻውን የሥራ ቀን ንገሪኝ አላት።

እማዬ ስልኩን ትኩር ብላ አየችው። «እትዬ ሩትን ከመታጠቢያው አውጥቼ አቅፌያቸዋለሁ» አለች። «ወገቤ ከዳኝ። እግሬ ከሥሬ ጠፋ። ልጥላቸው ነው። ግድግዳውን ተደግፌ ቀስ እያልኩ አብሬያቸው ወረድኩ፤ እኔ ወለሉ ላይ፣ እሳቸው እኔ ላይ። ምንም አልሆኑም። እንዲያውም ሳቁና "እትዬ ዘነበች" አሉኝ። ጌታዬ፣ የኔ ሕመም የራሴ ነው፣ እችለዋለሁ። የሰው እናት ብጥልስ? ለዚህ ነው የተውኩት። ሥራ አልጠላም፤ የተገኘውን እሠራለሁ። ሰው ብቻ አታሸክሙኝ።»

አስተርጓሚው አንድ ቃል ሳያስቀር ተረጎመው። ዳኛውም ቀላል ሥራ ጠይቀሽ ነበር? አለ። «አዎ፣ ጠይቄ የለም ብለውኛል» አለችና «ጥሩ ሰዎች ናቸው ግን» ብላ ጨመረች። ምን ይደረጋል? እናቴ ናት።

ተፈቀደላት። ጋሼ ታደሰ ፌርፋክስን ከላይ እስከ ታች እያነከሱ «ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ» ሲሉ ሰነበቱ። እማዬም ሥራ እየፈለገች፣ ወገቧንም እያስታመመች ቤት ከረመች። ኋላ ሚራክል ማይል የሚባል ሰፈር ተቀምጣ የመኪና ማቆሚያ ትኬት የምትሸጥበት ሥራ አገኘች። ሥራ የጀመረች ዕለት ጠዋት እንደ ልማዴ ተንበርክኬ እግሯን ስጠብቅ፣ ጎንበስ ብላ ራሷ አሰረችው። እልል አልኩላት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ለማንም ያልተናገርኩት ይህን ነው። ከመጣሁ ጀምሮ እማዬን የማውቃት በበር ድምፅ ነበር፤ ጠዋት ሲዘጋ፣ ማታ ሲከፈት። ሥራ በፈታችባቸው ወራት ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት አገኛት ጀመር። ሽንኩርት ስትከትፍ እንደምታንጎራጉር አወቅኩ። መቀመጥ ስለሚያማት ፀጉሬን ቆማ ነበር የምትሠራኝ፤ ቶሎ እንዳትጨርስ እያልኩ ጭንቅላቴን ሆን ብዬ አነቃንቅባት ነበር። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰዎች አስቁመው «እናትሽስ ሥራ አገኘች?» ሲሉኝ ፊቴን አጨልሜ «እየፈለገች ነው» እላለሁ። «አንቺስ ደህና ነሽ ወይ?» ሲሉኝ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እላለሁ። «አይ የእናቷ ልጅ!» እያሉ ያዝኑልኝ ነበር።

እኔ ግን እውነቴን ነበር።